የስንዴው ዘርና የስንዴው ዋጋ፤ ሕንድ ራሷን ለመቻል የበቃችበት መንገድ

አንድ አገር ሰንደቅ ዓላማዋን በራሷ እጅ ብትሰቅልም የምትበላው ዳቦ በሌላ አገር መልካም ፈቃድ የሚገኝ ከሆነ ነፃነቷ ጎዶሎ መሆኑ አይቀርም። ይህን እውነት በመራራ ትምህርት ካወቁት አገሮች አንዷ ሕንድ ናት። በ1960ዎቹ ዓመታት መካከል ሕዝቧን ለመመገብ ከአሜሪካ የሚመጣውን የስንዴ መርከብ ስትጠባበቅ የነበረችው ይህች ሰፊ አገር ዛሬ በስንዴ ምርት ከቻይና ቀጥሎ የዓለምን ሁለተኛ ስፍራ ይዛ ትገኛለች። በ2023 የሰበሰበችው ስንዴ ብቻ ከ110 ሚሊዮን ቶን ይበልጣል። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሮችን ነገር የሚመለከቱት ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር፣ ኢትዮጵያን የሚመለከቱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ይህ ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ ምስጋናው ሁሉ ለምርጥ ዘር ሲሰጥ ይሰማል። ዘሩ ምስጋና የሚገባው መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። ዘሩን ወደ ዳቦ የለወጠው ሁለተኛው እጅ አስቀድሞ የታወቀ ዋጋ፣ በመከር ሰዓት ገንዘቡን ይዞ የሚጠብቅ ገዢና እህሉን ከዝናብ የሚያድን መጋዘን ነው። ለንግድ ሰው ከፍ ያለ ትምህርት የሚሰጠው የታሪኩ ክፍል ይኸው ሁለተኛው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈውም እርሱ ነው።

የመርከብ ጥበቃ ዘመን

ሕንድ በ1947 ነፃነቷን ስታገኝ የረኃብ ቁስል ገና አልሻረላትም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በ1943 በቤንጋል በደረሰው ረኃብ ያለቀው ሕዝብ እስከ 3 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። በዚያ ላይ አገሩ ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ በተከፈለ ጊዜ፣ እንግሊዞች ቦይ ቀደው ያለሙት የምዕራብ ፑንጃብ ለም የስንዴ መሬት ለፓኪስታን ደረሰ። በ1950/51 የአዝመራ ዘመን 361 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የነበራት ሕንድ ያመረተችው ስንዴ 6.5 ሚሊዮን ቶን ብቻ ነበር፤ ከአንድ ሄክታር የሚገኘውም በአማካይ ከ7 ኩንታል አያልፍም ነበር።

ጉድለቱን ለመሙላት መንግሥቱ በ1956 ከአሜሪካ ጋር ውል ተዋዋለ። «የሕዝብ ሕግ ቁጥር 480» በተባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የተደረገው ይህ ውል ሕንድ ስንዴውን በዶላር ሳይሆን በራሷ ገንዘብ በሩፒ እንድትገዛ የሚፈቅድ ስለሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ ለቸገራት አገር ታላቅ እፎይታ መስሎ ታየ። በእርግጥም ብዙ ሰው ከረኃብ አድኗል። ነገር ግን ርካሹ ስንዴ በየወደቡ እየተራገፈ በከተማ ገበያ በተሸጠ ቁጥር የአገሩ ስንዴ ዋጋም አብሮ ዝቅ ብሎ ስለ ቆየ፣ ገበሬው ከለመደው በላይ ቢደክም የድካሙን ዋጋ የሚከፍለው አልነበረም። መንግሥቱም ስንዴ በቀላሉ እስከ ተገኘ ድረስ ሐሳቡንና ገንዘቡን ወደ ብረት ፋብሪካና ወደ ከባድ ኢንዱስትሪ አዙሮ እርሻውን ለነገ አሳደረው።

የዚህ አካሄድ አደገኛነት የታወቀው በ1965 እና በ1966 ሁለት ዓመት በተከታታይ ዝናብ በጠፋ ጊዜ ነው። 89 ሚሊዮን ቶን ደርሶ የነበረው የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት በአንድ ዓመት ወደ 72 ሚሊዮን ቶን ወረደ። በ1965 ከፓኪስታን ጋር ጦርነት ስለ ተነሣም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ላል ባሃዱር ሻስትሪ ሕዝቡ በሳምንት አንድ ማዕድ እንዲተው እስከ መለመን ደረሱ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ደግሞ እህሉን እንደ ቀድሞው በብዙ ዓመት ውል መስጠቱን ትተው፣ ጥቂት ጥቂት እየቈረጡ የሕንድን የእርሻና የውጭ ፖሊሲ እየመረመሩ ይልኩ ጀመር። በ1966 ወደ ሕንድ የገባው እህል 10 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ስንዴው ከመርከብ እንደ ወረደ በቀጥታ ወደ ሕዝቡ አፍ ይገባ ስለ ነበር የአንድ መርከብ መዘግየት ለአንድ ከተማ የጭንቀት ሳምንት ሆነ። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው በስንዴም ላይ መድረሱ በዚያን ጊዜ ታየ። በ1967 ዊልያም እና ፖል ፓዶክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ባሳተሙት መጽሐፍ ሕንድን ሊረዷት ቢሞክሩ እንኳ ከማይድኑት አገሮች መካከል ቈጠሯት።

የአጭሩ ስንዴ ጉዞ

ሕንድን ከዚህ ያወጣት ዘር ብዙ አገር የዞረ ነው። መነሻው በ1935 በጃፓን ለገበሬ የተሰጠው «ኖሪን 10» የሚባል ቁመቱ አጭር ስንዴ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘሩ ወደ አሜሪካ ተወስዶ ኦርቪል ቮግል የሚባሉ ሊቅ በዋሽንግተን ስቴት ከአገሩ ስንዴ ጋር አዳቀሉት። ከእርሳቸውም ከ1944 ጀምሮ በሜክሲኮ የስንዴን ዋግ ለማሸነፍ ሲደክሙ ወደ ነበሩት ወደ ኖርማን ቦርሎግ ተላለፈ። ሜክሲኮ ከዚህ አስቀድሞ በ1956 በስንዴ ራሷን ችላ ነበር፤ አጭሩ ስንዴ ሲጨመርበት ደግሞ ምርቱ ከበፊቱ እጅግ በለጠ።

የቁመቱ ማጠር ለምን ይህን ያህል እንደ ጠቀመ መግለጽ ያሻል። የቀድሞው የሕንድ ስንዴ አገዳው ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ገበሬው ማዳበሪያ በጨመረለት መጠን ዛላው ከብዶት በነፋስና በዝናብ ይጋደም ነበር። ስለዚህ ማዳበሪያ መግዛት ለጥፋት መክፈል ሆኖ ቀረ። አጭሩና ጠንካራው አገዳ ግን የተጨመረለትን ማዳበሪያ ሁሉ ወደ ፍሬ ለውጦ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንግዲህ ጥቅሙ የሚገኘው ዘሩ፣ ማዳበሪያውና ውኃው አንድ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል አዲሱ ዘር ከአሮጌው እምብዛም አይሻልም።

በሕንድ በኩል የነገሩን ትልቅነት አስቀድመው የተረዱት በኒው ዴልሂ የእርሻ ምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሊቅ ሞንኮምቡ ስዋሚናታን ናቸው። በእርሳቸው አሳሳቢነት ቦርሎግ በ1963 ሕንድን ጎበኙ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ለሙከራ የሚሆን ዘር ላኩ። ሙከራው በምርምር ጣቢያ ብቻ ሳይወሰን በገበሬዎች ማሳ ላይ በግልጽ እንዲታይ ተደረገ፤ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ሆኖ ያየውን ማንም ሰባኪ ሊያስክደው አይችልምና።

በ1965 ለሕንድና ለፓኪስታን የተላከው የመጀመሪያው ከፍ ያለ የዘር ጭነት የገጠመው እንቅፋት በተለይ በአስመጪነትና በላኪነት ለተሰማሩ ሰዎች ልብ የሚባል ነው። ቦርሎግ እንደ ተረኩት ዘሩን የጫኑት መኪናዎች በሜክሲኮና በአሜሪካ ድንበር ተጉላሉ፤ ሎስ አንጀለስ ሲደርሱ ደግሞ በከተማው ሁከት ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ። ይህ ሳያንስ ከፓኪስታን የመጣው የ100 ሺህ ዶላር ቼክ ላይ ሦስት ቃላት በስሕተት ተጽፈው ስለ ተገኙ የሜክሲኮ ባንክ አልከፍልም አለ። መርከቡ በጉዞ ላይ ሳለ በሁለቱ ተቀባይ አገሮች መካከል ጦርነት ፈነዳ። ዘሩ በመጨረሻ በማሳ ሲዘራም በመጋዘን ሳለ በተደረገለት የተባይ መድኃኒት ከመጠን ማለፍ ምክንያት ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ በቀለ። የሕዝብ ዕጣ በአንድ ጸሐፊ ብዕርና በአንድ መጋዘን ጠባቂ ጥንቃቄ ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ መኖሩን ይህ ያስረዳል። ሆኖም ሥራው አልተቋረጠም። በ1966 ሕንድ 18,000 ቶን የስንዴ ዘር ከሜክሲኮ ገዛች፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን የሚያህል የዘር ግዥ በዓለም አልታየም ነበር።

የሜክሲኮው ስንዴ ፍሬው ቀይ ነበር። ሕንዳውያን ደግሞ ቻፓቲ ለሚባለው ቂጣቸው የለመዱት ነጣ ያለውን ስለሆነ ቀዩ በገበያ በቅናሽ ይሸጥ ጀመር። የአገሩ ሊቃውንትም ይህን የገበያ ፍርድ ሳይንቁ ከሜክሲኮው ዘር መርጠውና አዳቅለው «ካልያን ሶና» እና «ሶናሊካ» የተባሉትን ፍሬያቸው ለዓይን የሚያምር ዝርያዎች አወጡ። ገበሬው የተቀበላቸው ምርታቸው ስለ በዛ ብቻ ሳይሆን ገዢ ስላላቸው ጭምር ነው።

ዋጋውን ያቆሙት ሰዎች

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ ቢባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው በ1964 የምግብና የእርሻ ሚኒስትር የሆኑት ቺዳምባራም ሱብራማንያም ናቸው። ቀድሞ የብረትና የማዕድን ሚኒስትር የነበሩት እኒህ ሰው እርሻን እንደ ማንኛውም የንግድ ሥራ ተመለከቱት። ገበሬ ሞኝ አይደለም፤ ያላመረተውም ማምረት ስለማያዋጣው ነው የሚለው አሳባቸው በጊዜው እንግዳ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩና የፕላን ኮሚሲዮን ሰዎች ለእህል ጥሩ ዋጋ መክፈል የከተማውን ኑሮ ያስወድዳል፣ ማዳበሪያና ዘር ማስመጣትም የውጭ ምንዛሪ ይጨርሳል ብለው ተቃወሟቸው። ሱብራማንያም ግን አሳባቸውን አጽንተው በ1965 ሁለት ነገር አቆሙ።

አንደኛው የእርሻ ዋጋ ኮሚሲዮን ነው። ተግባሩም የማዳበሪያውን፣ የውኃውንና የጉልበቱን ወጪ መርምሮ ስንዴ ከዚህ በታች አይወርድም የሚባለውን ዋጋ ለመንግሥት ማሳሰብ ነው። ሁለተኛው የሕንድ የምግብ እህል ኮርፖሬሽን ነው። ይህ ደግሞ ገበያው ከተነገረው ዋጋ በታች እወርዳለሁ ባለ ጊዜ ገንዘብ ይዞ ገብቶ የሚገዛ፣ የገዛውን በመጋዘን የሚያከማችና በከተማ ለችግረኛው ሕዝብ በተወሰነ ዋጋ በሚሸጡ ሱቆች የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ከላይ የተነሣው የከተማ ኑሮ ስጋት መልስ ያገኘው በእነዚህ ሱቆች ነበር።

የዋጋው ዋስትና ለምን አስፈላጊ እንደ ሆነ በቀላል ሒሳብ ይታያል። ቀድሞ ከማሳው 10 ኩንታል ያገኝ የነበረ ገበሬ በአዲሱ ዘር 30 ኩንታል ቢያመርት፣ ጎረቤቶቹም ሁሉ እንደ እርሱ ቢያደርጉና ዋጋው በዚህ ምክንያት ወደ ሲሶው ቢወርድ፣ በእጁ የሚገባው ገንዘብ ያው የድሮው ነው፤ የማዳበሪያው ዕዳ ግን አዲስ ነው። እንዲህ ያለው ገበሬ በሚመጣው ዓመት ማዳበሪያ አይገዛም፤ ሊቃውንቱም «ገበሬው ለውጥ አይቀበልም» ብለው ይጽፉበታል። በሕንድ ይህ እንዳይሆን ያደረገው ዋጋው አስቀድሞ መታወቁ ነው። ገበሬው ብድር ሲወስድ በሚያዝያ ቢያንስ ምን ያህል እንደሚያገኝ ያውቅ ነበር፤ አበዳሪውም እንዲሁ።

መንግሥቱ ያመረቱትን ሁሉ ገዝቷል ማለት ግን አይደለም። አብዛኛው እህል በገበሬው ጎተራ ይቀራል ወይም በነጋዴ እጅ ያልፍ ነበር። በፑንጃብ «ማንዲ» በሚባሉት የእህል ገበያዎች ገበሬው እህሉን አምጥቶ ሲያራግፍ የሚያበጥርለት፣ የሚመዝንለትና በጆንያ የሚሞላለት «አርህቲያ» የሚባለው በኮሚሲዮን የሚሠራ ነጋዴ ነው። ኮርፖሬሽኑም ሲገዛ በእርሱ በኩል ይገዛ ነበር። መንግሥት የመጨረሻው ገዢ ሆኖ በመቆሙ ነጋዴው ዋጋውን በተንኮል እንዳያወርድ ታገደ፤ ሥራው ግን አልተነጠቀም።

የ1968 መከር

ይህ ሁሉ ዝግጅት ፍሬ ያፈራው በ1968 ጸደይ ነው። ከዚያ በፊት ከፍተኛ የነበረው የ1964/65 ምርት 12.3 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ የ1967/68 አዝመራ 16.5 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። በፑንጃብ መጋዘኑ፣ ጆንያውና የባቡሩ ፉርጎ አልበቃ አለ፤ በአንዳንድ ስፍራም ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ክፍሎቹ የስንዴ ማከማቻ ሆኑ። በዚያው ዓመት በሐምሌ መንግሥቱ «የስንዴ አብዮት» የሚል የፖስታ ቴምብር አወጣ። በ1970/71 ምርቱ ወደ 23.8 ሚሊዮን ቶን፣ የአንድ ሄክታሩም አማካይ ወደ 13 ኩንታል ከፍ አለ። ቦርሎግም በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

ለውጡ በፑንጃብ የተጀመረውም ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ የተበጣጠሰው የገበሬ መሬት ተሰባስቦ በአንድ ስፍራ ተደላድሎ ነበር። በ1963 የተመረቀው የባክራ ግድብ ውኃና ኤሌክትሪክ ይሰጥ ነበር፤ ገበሬውም በሞተር የሚስብ ጉድጓድ ለማስቆፈር ደፈረ። በ1962 በሉዲያና የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ነበር። ከገበያ ቀረጥ በሚሰበሰበው ገንዘብም መንደሩን ከማንዲው የሚያገናኝ መንገድ ይሠራ ነበር። ዘሩ ሲመጣ የተቀበለው የተሰናዳ ቤት ነው።

ነጋዴውን የማስወጣት ሙከራ

መንገዱ ከዚያ በኋላ ሁሉ የተቃና ነበር ማለት አይቻልም። በ1972 ዝናብ በጎደለ ጊዜ ዋጋ ናረ፤ ጥፋቱም በሙሉ በነጋዴ ላይ ተላከከ። መንግሥቱም በ1973 ጸደይ የስንዴን የጅምላ ንግድ ከግል ነጋዴዎች ወስዶ በራሱ እጅ አደረገ። ውጤቱ ከታሰበው ተቃራኒ ሆነ። ገበሬው የተወሰነለት ዋጋ ስላልበቃው እህሉን ደበቀ፤ ወደ መንግሥት መጋዘን የገባውም ከዕቅዱ እጅግ አነሰ፤ የድብቅ ገበያም ተስፋፋ። አገሪቱ ዳግመኛ ከውጭ ስንዴ ለመግዛት ተገደደች። በ1974 መንግሥቱ አዋጁን ትቶ ነጋዴውን ወደ ስፍራው መለሰ። እህል የደበቀና ሚዛን ያዛባ ነጋዴ መቀጣቱ ተገቢ ነው፤ በአንዳንዶች ጥፋት ምክንያት ሚዛኑን ራሱን ማንሣት ግን ገበሬውንም ሸማቹንም እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ያስከፈለው ዋጋ

ስለ ሕንድ ሲጻፍ መልካሙን ብቻ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። የዋጋው ዋስትና በተግባር የደረሰው በይበልጥ ለጥቂት ክፍላተ ሀገር፣ ከሁሉም ለፑንጃብና ለሃርያና ነው። ገበሬው ለስንዴና ለሩዝ ዋስትና ስላለው ሌላውን ሰብል ተወ፤ ለውኃ መሳቢያ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ያለ ክፍያ ስለሚሰጠውም ከመሬት ውስጥ የሚስበው ውኃ ዝናብ ከሚተካው በለጠ። ጉድጓዱ በየዓመቱ እየጠለቀ መሄዱ ዛሬ የፑንጃብ ዋና ስጋት ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠን ዋስትና ማሻሻልም ቀላል አይደለም። በ2020 መንግሥቱ የእህል ንግዱን የሚለውጡ ሦስት ሕጎች ባወጣ ጊዜ፣ ገበሬዎቹ የዋጋው ዋስትና ሊቀርብን ነው ብለው ከአንድ ዓመት በላይ በዴልሂ በሮች ስለ ሰፈሩ በኅዳር 2021 ሕጎቹ ተሻሩ።

በሌላ በኩል የጎተራው ጥቅም በክፉ ቀን ታይቷል። በ2020 ወረርሽኝ ሥራን ሁሉ ባቆመ ጊዜ ሕንድ ለ800 ሚሊዮን ያህል ሕዝቧ ያለ ክፍያ እህል ያደለችው ከራሷ መጋዘን አውጥታ ነው። በ2022 ደግሞ የዩክሬን ጦርነት የዓለምን የስንዴ ዋጋ ባናረበትና ብርቱ ሙቀት የራሷን አዝመራ በጎዳበት ወራት፣ በግንቦት ስንዴ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ስንዴን ከውጭ የሚጠብቅ አገር ሁሉ ይህን ክልከላ ልብ ሊለው ይገባል፤ የጎረቤት ጎተራ ቢሞላም ቁልፉ በጎረቤት እጅ ነው።

ኢትዮጵያ ከዚህ የምትወስደው

ኢትዮጵያ ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለችም። በሕንድ አዲሱ ስንዴ በተስፋፋበት ወራት፣ በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይሰጥ፣ የንግድ ማዕከሎችም ከፍቶ እህሉን ይገዛ ነበር። ምርቱ አደገ፤ ይሁን እንጂ ስንዴው ማዋጣቱን ያዩ ባለመሬቶች ጭሰኛውን እያስነሡ በትራክተር ማረስ ስለ ጀመሩ ከዕድገቱ ተጠቃሚ መሆን የሚገባው ሰው ከመሬቱ ወጣ። ቀጥሎ በመጣው ዘመን በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህልን በኮታና ከገበያው በታች በሆነ ዋጋ እየሰበሰበ፣ የነጋዴውም ጭነት በየኬላው እየታገደ ቆይቶ በ1982 ዓ.ም. ንግዱ ተፈቀደ። ሕንድ በአንድ ዓመት የተመለሰችበት መንገድ በኢትዮጵያ ከአሥር ዓመት በላይ ተሄደበት።

ከዚህም በኋላ የደረሰው የ1993 እና የ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ነገር ነው። ዘርና ማዳበሪያ ተስፋፍቶ፣ ዝናቡም ሠምሮ ምርቱ በበዛ ጊዜ ዋጋው ወደቀ፤ በአንዳንድ ስፍራ የመሰብሰቢያው ጉልበት ዋጋ ከእህሉ ስለ በለጠ በቆሎው በማሳ ቀረ። ገበሬው በዕዳ ተይዞ በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያውን ቀነሰ። ወዲያው ድርቅ ተከትሎ በ1995 ዓ.ም. እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከትርፍ ወደ ረኃብ የነበረው ርቀት ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ከላይ በሒሳብ የታየው ነገር በእውነተኛ ሰዎች ላይ የደረሰው እንዲህ ነው።

በቅርቡ ዓመታት መንግሥት በቆላው መሬት በመስኖ የሚለማውን የበጋ ስንዴ አስፋፍቶ በ2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን አስታውቋል። ማሳው መስፋቱ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ከሕንድ ታሪክ የሚነሣው ጥያቄ ስንት ሄክታር ተዘራ የሚል ብቻ አይደለም። ገበሬው ገና ሳይዘራ በመከር ቢያንስ ምን ያህል እንደሚከፈለው ያውቃልን? ገበያው ቢወርድ በተነገረው ዋጋ የሚገዛ፣ ገንዘቡም በባንክ የተዘጋጀ ገዢ አለን? ጆንያው፣ መጋዘኑና መንገዱ ከአውድማው በፊት ተሰናድተዋልን? ከውጭ የሚገባው ስንዴ፣ በግዥም ሆነ በእርዳታ፣ የሚራገፍበት ወር ከመከሩ ወር ጋር እንዳይጋጭ የሚጠነቀቅ አለን?

ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከወዴት ይመጣል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። መልሱም መንግሥት ሁሉን መግዛት አያስፈልገውም የሚል ነው። የሚፈለገው ቃሉ የሚታመን የመጨረሻ ገዢ ሆኖ መቆም ነው። ቃሉ የታመነ እንደ ሆነ ነጋዴው ራሱ በዚያ ዋጋ ላይ ቆሞ ይገዛል፤ ባንክም በመጋዘን ባለው እህል መያዣነት ያበድረዋል፤ ከሕዝብ ግምጃ ቤት የሚወጣውም ያንሳል። ቃሉ ያልታመነ እንደ ሆነ ግን በጋዜጣ የታተመ ዋጋ ከወረቀትነት አያልፍም።

ነጋዴውም በበኩሉ ድርሻ አለበት። የተበላሸ ዘር እንደ ምርጥ ዘር አድርጎ የሚሸጥ፣ ማዳበሪያውን ከባዕድ ነገር የሚቀላቅል፣ በመከር ሰዓት ተማክሮ ዋጋ የሚሰብርና ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ነገ ንግዱን የሚነጥቀውን አዋጅ በገዛ እጁ እየጻፈ ነው። የ1973ቱን የሕንድ ሙከራ የወለደው የነጋዴ ስም መጥፋት መሆኑን መርሳት አይገባም። የንግድ ምክር ቤት አባሎች የእህል ደረጃን፣ ትክክለኛ ሚዛንንና የውል መከበርን በራሳቸው መካከል ቢያጸኑ፣ ሕግ ሳያስገድዳቸው የንግዳቸውን ዕድሜ ያረዝማሉ።

ሕንድ የመርከብ ጥበቃውን ትታ ከጎተራዋ ለመብላት የበቃችው ዘሩን ያስገኙ ሊቃውንት፣ ዋጋውን ያጸኑ ሹማምንት፣ በማሳው የደከመ ገበሬና በማንዲው የሚመዝን ነጋዴ እያንዳንዳቸው በየስፍራቸው በመገኘታቸው ነው። በኢትዮጵያ ዘሩ አለ፣ መሬቱ አለ፣ ገበሬውም መድከም አልሰለቸውም። የጎደለው በመከር ማግስት የሚጸና ዋጋ ነው፤ እርሱን ለማቆም ደግሞ ከመንግሥት ቀጥሎ ከንግዱ ሰው የሚበልጥ ኃላፊነት ያለበት የለም።